መኪናው ኤሌክትሪክ ሆነ፣ አውቶቡሱስ? ስለ አዲስ አበባ ጭስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። «የከተማ አስተዳደር የመኪናና የኃይል ጭስ ለመቀነስ ምን እያደረገ ነው? ምንስ ማድረግ ይችላል?» በሚለው ላይ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ላካችሁ፣ አመሰግናለሁ። የተማርኩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው። ከዚያ ግን 12 ዓመት የሠራሁት የትራንስፖርት ዕቅድ ላይ ነው፣ አብዛኛውን እዚሁ አዲስ አበባ። የማንም ቃል አቀባይ አይደለሁም። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፤ የራሴን አስተያየት ስሰጥም አስተያየቴ ነው እላለሁ። «ካርቦን» ስል ነዳጅ፣ ከሰል ወይም እንጨት ሲቃጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት ያዋጣችው ምን አላትና ነው? አሜሪካና ቻይና ያጨሱትን እኛ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ከዚህ መጀመር አለብን። ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሲካፈል በዓመት 0.15 ቶን አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው 14 ቶን ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መርካቶ ሽንኩርት የምትቸረችርን እናት «ዓለምን አድኚ» የሚላት ካለ እኔ አልስማማም።

ግን ከተማው ይህን ሥራ የሚሠራበት ሌላ ምክንያት አለው፣ እሱም ይበቃል። አንደኛ፣ ነዳጁ በሙሉ የሚገዛው በዶላር ነው፣ ያውም ለመድኃኒት በሚያጥረው ዶላር። ሁለተኛ ሳንባችን ነው። አውቶቡስ ተራ አንድ ሰዓት ቁሙና ፊታችሁን በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር ወደ ውስጥም ገብቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ አሮጌ ሞተር ደግሞ በስስ አየር ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም። ያ ጥቁር ጭስ የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው፣ በከፊል ከጥገና ጉድለት። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ከቤቱ ሥራ ቦታው ለመድረስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ብዙ ነው። ካርቦኑ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ሲስተካከሉ አብሮ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ይወጣል የሚል ነገር አነበብኩ። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም! እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሲቃጠል ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክሲጅን ስቦ ይይዛል፣ አብዛኛው ክብደት ከዚያ የመጣ ነው። ናፍጣ ትንሽ ይበልጣል፣ በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ወደ ታች እንመለስባቸዋለን።

ጥያቄ፦ የከተማው ምክር ቤት በዚህ ጉዳይ ሥልጣኑ የት ድረስ ነው? ሁሉንም የሚወስነው ፌዴራል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚምታታበት ቦታ ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለው በጥር 2016 ነው፣ ያንን ያሳወቀው የፌዴራሉ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ታክስ የቀለለው ደግሞ ከዚያ በፊት በ2014 በገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ የዚያን ጊዜ ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ደግሞ ነፃ ተባለ። መብራቱም የፌዴራል ነው። የነዳጅ ዋጋም እንደዚያው።

ከተማው እጅ ያለው ምንድን ነው? መንገዱ። የእግረኛ መንገዱ። የከተማ አውቶቡሱ። የታክሲ ታፔላ፣ ማለትም የትኛው ሚኒባስ ከየት ወደ የት ይሥራ የሚለው። ፓርኪንግ። ቆሻሻ። የግንባታ ፈቃድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን የት ይኑር የሚለው፣ ኮንዶሚኒየምን የት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ስለሆነ። በእኔ አስተያየት ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፣ ሰው ከሥራው 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሰፈረ በኋላ የጭሱን ነገር በምንም መኪና ማስተካከል ከባድ ነው።

በወረቀት ደረጃ ዕቅድ አልጠፋም። ከተማዋ ሲ40 የሚባለው የትላልቅ ከተሞች ማኅበር አባል ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የሚል የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብርም ነበራት። የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለቴ ይጠፋል። መኪናው ሁሉ ሶኬት ላይ ሲሰካ ምን ሊመጣ ነው?

መልስ፦ አንድ ማነጻጸሪያ ልስጥሽ እህቴ፣ ለማንም ሳስረዳ የምጀምረው በዚህ ነው። የእንጀራ ምጣድ የሚስበው ኃይል 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በተለመደው የቤት መስመር ቻርጅ ሲደረግ የሚስበውም ከ2 እስከ 3.5 ኪሎዋት ነው። አንድ መኪና ሰካሽ ማለት አንድ ምጣድ ጣድሽ ማለት ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚፈልገው 6 ወይም 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት እንጀራ እንደመጋገር ቁጠሪው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ችግሩ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ላይ ነው። ግድቡ ጋ ኃይል ሞልቶ እናንተ ቀበሌ ያለው ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ከተጫነ መብራቱ ይጠፋል። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ እራት የሚሠራው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። መኪናውም ያኔ ከተሰካ መስመሩ ይወድቃል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ግን መስመሩ ያርፋል። ስለዚህ ማታ ገብታችሁ ወዲያው አትሰኩ፣ ልትተኙ ስትሉ ስኩ። አብዛኛው መኪና ሰዓት ሞልታችሁለት በራሱ የሚጀምርበት ማስተካከያ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ምሽት ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ቀጭን ኤክስቴንሽን ወርዶ፣ በልብስ መስጫው ሽቦ ላይ ዞሮ፣ ታች የቆመች መኪና ላይ ተሰክቶ አየሁ። የተረፈው ገመድ ጥቅልል ብሎ ደረጃው ሥር ተቀምጧል። እጄን አስጠጋሁ፣ ይሞቃል። የሶኬቱ ፕላስቲክ ጠርዙ ቡኒ ሆኗል። ምጣድ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊስብ ይችላል፤ ቀጭን ሽቦ፣ በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ይህን አይችልም። ጎረቤቴን አንኳኩቼ ነገርኩት፣ በማግስቱ ባለሙያ ጠራ። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር፣ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የግራውንድ ሽቦ። ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ነው፣ አትቀልዱበት።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሲሠራ ብዙ ካርቦን ያወጣል ይባላል። እውነት ንጹህ ነው?

መልስ፦ ባትሪው ሲመረት ካርቦን ይወጣል፣ እውነት ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚኑ መኪና የበለጠ ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ዕዳውን ለመክፈል የሚፈጅበት ጊዜ ግን የሚወሰነው መብራቱ ከምን ይመነጫል በሚለው ነው። በድንጋይ ከሰል መብራት በሚያመነጭ አገር ብዙ ዓመት ይፈጃል። እኛ ጋ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ከነፋስ። ጷግሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ዕዳው በዓመት በሁለት ዓመት ይከፈላል፣ ብዙ የሚሮጥ መኪና ከሆነ ደግሞ ቶሎ። ከብዙ ሀብታም አገር የተሻለ ዕድል ያለን እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁላችንም የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛን ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ከሁሉም ጥያቄ ይህን ስጠብቅ ነበር።

በመጀመሪያ «ሁላችንም» ማን ነው? ሲጠና የአዲስ አበባ ሰው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፣ 54 በመቶ። 31 በመቶ በሕዝብ ትራንስፖርት። በግል መኪና 15 በመቶ ብቻ። እኛ ግን ስለ ጭስ ስናወራ የምናወራው ስለዚያ 15 በመቶ ነው።

ያልኳችሁን ቁጥሮች አሁን እንጠቀምባቸው። ይህ የራሴ ስሌት ነው፣ ቁጥሩን እየቀያየራችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ የቤት መኪና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ነዳ እንበል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን። 2.4 ሊትር ማለት ነው፣ ካርቦኑ 5.5 ኪሎ። አሁን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ማታ የሚሠራ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ውሰዱ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ። 18 ሊትር፣ ካርቦኑ ወደ 49 ኪሎ። አንዱን ታክሲ በኤሌክትሪክ መተካት ዘጠኝ የቤት መኪና እንደመተካት ነው። ያ ታክሲ ደግሞ ቀኑን ሙሉ 12 ሰው እየጫነ ነው የሚውለው፣ ጥቅሙ ለእነሱ ሁሉ ነው። አውቶቡስ ከሆነማ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

የታክሱ ማበረታቻ ግን የሄደው በዋነኛነት አንድ ሰው ይዞ ለሚሄድ መኪና ነው። ኤሌክትሪክ ሆነም ቤንዚን መገናኛ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። እሱ የዘጋው መንገድ ላይ ናፍጣ አውቶቡሱ ሞተሩን እያስጮኸ ይቆማል፣ ቆሞም ያጨሳል። እኔ የቤት መኪና ታክሱ መቅለሉን አልቃወምም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠብኝ። አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ ከዚያ የቤት መኪና መሆን ነበረበት። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች አሁን ከተማው ውስጥ መታየት ጀምረዋል፣ ሳያቸው ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን አውቶቡስ ብቻ የሚሄድበት መስመር ካልተለየላቸው እነሱም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ናቸው። ከዊንጌት ጀሞ ሊዘረጋ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ብድር ከታቀደ ስንት ዓመቱ ነው። ያ ነበር መቅደም የነበረበት።

ጥያቄ፦ ባቡሩስ? ስንት ተወርቶለት አሁን ምን ሆነ?

መልስ፦ የባቡሩ ነገር ያንገበግበኛል፣ ትንሽ ላስረዝመው።

በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የመጀመሪያው ዘመናዊ የከተማ ቀላል ባቡር ነበር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር። ሁለት መስመር፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። 41 ባቡር ነበረው። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ፣ ያ ማለት ከላይ እንዳልኩት በውሃ ነው የሚሄደው። ትኬቱ ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከቃሊቲ መርካቶ አካባቢ የሚመላለስ የቀን ሠራተኛ የገባበት ባቡር ነው። ካርቦን የማያወጣ፣ ርካሽ፣ ብዙ ሰው የሚጭን። ከዚህ የተሻለ ነገር ከተማዋ ሠርታ አታውቅም ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። ጎማ ያልቃል፣ መለዋወጫው ከቻይና ነው፣ ለመለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ ምንዛሪ የለም። አንዱ ባቡር ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ከ41ዱ ከግማሽ በታች ብቻ የሠሩባቸው ዓመታት ነበሩ። መብራት ሲቋረጥ መሃል ላይ ይቆማል። የትኬቱ ዋጋ ወጪውን አይሸፍንም፣ እንዲሸፍንም ቢደረግ ያ የቀን ሠራተኛ አይሳፈርበትም፣ ስለዚህ ድጎማ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ባቡር በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ቤቱ አይቀርም። ወርዶ ታክሲ ይሰለፋል። ካርቦኑ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመመረቅ በፊት የቆሙትን ባቡሮች ማስነሳት በካርቦንም በገንዘብም ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። የመለዋወጫ በጀት ሪባን አይቆረጥለትም፣ ግን እሱ ነው ሥራው።

አንድ ሌላ ስህተት ልጨምር፣ ይህ የዲዛይን ነው። መስመሩ ብዙ ቦታ መሬት ላይ ነው፣ ግራና ቀኙ ታጥሯል። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ ለመሄድ ሩቅ ዞሮ መሻገሪያ መፈለግ የግድ ሆነ። አሮጊቶች ናቸው የተጎዱት። ለመኪና ማዞሪያ ሲታሰብ ለእግረኛ መሻገሪያ በበቂ አልታሰበም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ነው ያለሁት። ልመለስ እያሰብኩ ነው። እዚህ ያለችኝን የኤሌክትሪክ መኪና ይዤ ልምጣ ወይስ ሸጬ እዚያ ልግዛ?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ቤንዚን ብትሆን ኖሮ ክልከላው ላይ ነበር የምትወድቀው። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ አያስቸግርህም፤ እዚያ ልብስ ማድረቂያው የሚሰካበት 240 ቮልት የለመደች መኪና የእኛን 220 ትቀበላለች። ችግሩ ፈጣን ቻርጀር ላይ ነው። እዚህ ያሉት መኪኖች አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፣ እንደ ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ያሉት፣ መሰኪያቸው የቻይናው ጂቢ/ቲ ነው። የአሜሪካዋ መሰኪያ ሌላ ነው፣ አይገጥምም። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል፣ ከመወሰንህ በፊት የአንተ መሰኪያ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ሌላው ጥገና ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚነዳው መኪና ሲበላሽ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም፣ የአንተ ብቻዋን ከሆነች ኮምፒውተሯን የሚከፍትልህ ፍለጋ ትንከራተታለህ። እኔ ብሆን እሸጣታለሁ።

ጥያቄ፦ የብስክሌት መንገድ ተሠራ ብላችሁ ደስ ብሏችኋል። እኛ በዚያ ምክንያት ከመሃል ከተማ ወጥተን ዳር ሰፍረናል። ድሮ በእግሬ 15 ደቂቃ የምሄደውን ሥራ አሁን በሦስት ታክሲ ነው። ይህ ካርቦን መቀነስ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ልሸፋፍንልሽ አልችልም።

ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቦሌና በሌሎችም መስመሮች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መንገዱን በራሱ ብናየው ጥሩ መንገድ ነው። ማታ መብራት አለው፣ ልጅ ይዘሽ ትሄጂበታለሽ፣ ዊልቸር ይሄድበታል። በሙያዬ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ነው፣ ያንን አልክድም።

ግን ከተማ ውስጥ ካርቦን የማያወጣው ሰው ማን ነበር? በእግሩ የሚሄደው ነው። አንቺ ነበርሽ። በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ዳር ሰፍሮ ጠዋት ሦስት ማታ ሦስት ታክሲ ሲሳፈር፣ የጭሱም የኪሱም ሒሳብ ወደላይ ነው የሚሄደው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄደው ሌላ ሰው ሆነ። የከተማው ምክር ቤት የአንድን ኮሪደር የካርቦን ጥቅም ሲቆጥር የተነሱትን ሰዎች አዲስ የጉዞ ርቀትም አብሮ መቁጠር አለበት። ይህን ስል ስሜት አይደለም፣ ሒሳቡ እንደዚያ ካልተሠራ ስህተት ነው። አሁን ባላችሁበት ሰፈር ደግሞ ቢያንስ ወደ መሃል ከተማ ሳይቆራረጥ የሚደርስ አውቶቡስ መመደብ የከተማው ሥልጣን ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ረጲ ያለው ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት የሚያመነጨው ፋብሪካ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

መልስ፦ በመጀመሪያ ለምን እንደተሠራ እናስታውስ። ቆሼ ለ50 ዓመት የቆሻሻ ተራራ ሆኖ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ነፍሳቸውን ይማር። ፋብሪካው የተመረቀው በቀጣዩ ዓመት፣ በነሐሴ 2010 ነው፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ።

የእኛ ቆሻሻ ግን እርጥብ ነው። የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ። አውሮፓ የሚቃጠለው ካርቶንና ፕላስቲክ የበዛበት ነው። እርጥብ ነገር ለማቃጠል መጀመሪያ ውሃውን ማትነን ይጠይቃል፣ የሚተርፈው ኃይል ያንሳል። ደረቁንና ጠቃሚውን ደግሞ ከእኛ በር ላይ ቀድሞ የሚወስደው አለ፣ ቆራሌው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክ ጀሪካን በገንዘብ ይገዛል። በእኔ እምነት የዚህች ከተማ ትልቁ የካርቦን ሠራተኛ ቆራሌው ነው። ጓንት፣ ጋሪና ሕጋዊ መታወቂያ ቢሰጠው ከብዙ ማሽን የበለጠ ይሠራል።

እርጥቡስ? ተከማችቶ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። እሱ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ አትክልት ተራ አካባቢ የሚወጣውን ለብቻው ሰብስቦ ኮምፖስት ማድረግ ነው መፍትሔው። ወጪው ትንሽ ነው፣ ገበሬውም ይፈልገዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የቤት እመቤት ነኝ። መኪና የለኝም። ከሰል ግን አለኝ። የእኔስ ይቆጠራል?

መልስ፦ በደንብ ይቆጠራል እናቴ። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል 6፣ 7 ኪሎ እንጨት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ሲያዩ ስንት እንጨት እንደሆነ ይገምቱ። ለእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለዎት ጥሩ፤ ከጎረቤት ጋር ተራ ይዘው በአንድ ግለት ሁለት ቤት ቢጋግሩ ምጣዱን ለማጋል የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል። ለቡና ከሰሉን አይተውትም፣ አውቃለሁ። «ላቀች» የሚባለው ምድጃ ከድሮው የብረት ምድጃ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቆጥባል። በእንጨት ለሚጋግር ደግሞ «ምርጥ» የሚባለው እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ቤቱን ግን ዘግተው ከሰል አያጭሱ፣ በየዓመቱ ሰው ይሞታል።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው የምኖረው። ከአዲስ አበባ ምን እንማር?

መልስ፦ ባህር ዳርም ሐዋሳም ሜዳ ናቸው፣ የብስክሌት ከተማ ነበሩ። አዲስ አበባ ያንን አዲስ ልትጀምር ነው የምትታገለው፣ እናንተ አላችሁ። እንዳታጡት። ለብስክሌት የተተወችውን ዳር ለባጃጅ መቆሚያ አትስጡ። ለባጃጆቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ከቤት መኪናም ይቀላል፣ ባትሪው ትንሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ጥያቄ፦ መንገድ ለሰው የሚባለው በወር አንዴ መንገድ የሚዘጋበት ነገር ጥቅሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ በኅዳር 2011 የተጀመረው ነው። በወር አንድ እሁድ ጠዋት የሚቀንሰው ካርቦን ከቁም ነገር አይገባም። ግን ልጄ ብስክሌት የለመደው በዚያ ቀን፣ መስቀል አደባባይ አስፋልት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሹፌር ነኝ። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እፈልጋለሁ። ግን ቀን ቻርጅ ካደረግኩ ሥራ ቆመ ማለት ነው። እንዴት ነው የሚያዋጣኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰልፉን ታውቀዋለህ። ተራ የምትጠብቅበት ጊዜ አለ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሰው ይቀንሳል። ቻርጀሩ መሆን ያለበት አንተ ተራ የምትጠብቅበት ቦታ ነው፣ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ቃሊቲ፣ አየር ጤና። ያን መሬት የያዘው ከተማው ነው። ቦታ ለይቶ፣ መስመር አስገብቶ፣ ለማኅበራችሁ በኪራይ መስጠት ይችላል። ስትገዛ ደግሞ የባትሪውን ዋስትና በዓመት ብቻ አትይ፣ በኪሎ ሜትር ስንት ነው ብለህ ጠይቅ፤ አንተ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ከሠራህ በዓመት 45 ሺህ ታልፋለህ፣ የስምንት ዓመት ዋስትና የሚሉህ የኪሎ ሜትር ገደቡ ቀድሞ ሞልቶ በሦስት ዓመት ተኩል ሊያልቅብህ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ ከእንጦጦ ሲወርዱ ይታያል፤ ፍሬን ሸራም ይቆጥብልሃል።

ጥያቄ፦ ወረዳችን ስብሰባ ጠርቶናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቅ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ «በእኛ መስመር ስንት አውቶቡስ ተመድቧል፣ ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጣ፣ ያልወጡት ምን ጎድሏቸው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሦስቱንም ቁጥር አጽፊያቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።